ስንት ኪሎ ሜትር ነዳን?

ዓሊ አዴ ያላችሁ፣ ሆልሆል ያላችሁ፣ እንደ እኛ በከተማው ዳር ተጠግታችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ናጋድ ደህና ነን። ነፋሱ አሸዋውን ከቡናችንም ከእንጀራችንም ጋር እየቀላቀለ ያጎርሰናል፤ ሌላው ሰላም ነው።

ናጋድ ሲባል ውጭ ያለ ሰው ትዝ የሚለው የባቡር ጣቢያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሲመረቅ ዓለም ያየው። ለብዙዎቻችን ግን ስሙ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዚህ አንገባበትም። የዛሬው ወሬያችን ስለ ባቡሩም ስለዚያኛውም ሳይሆን ስለ አንዲት አሮጌ ብስክሌትና ስለ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጠብ ነው። እኛ በአንድ ግቢ የምንኖር ሦስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ብስክሌት ገዛን። ሁለተኛ እጅ ናት ብለው ነው የሸጡልን፤ አምስተኛም ሳትሆን አትቀርም፤ መጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አንዳችን ንጋት ላይ ዳቦ ያደርስባታል፣ አንዳችን የቀን ሥራ ፍለጋ ይዞራባታል፣ ሦስተኛው ማታ ማታ ውሃ ይጭንባታል። ታዲያ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ‹‹ማን ይክፈል?›› የሚል ሙግት። ‹‹ትናንት የነዳሃት አንተ ነህ።›› ‹‹እኔ አምቡሊ ደርሼ ብቻ ነው የተመለስኩት፤ ጀሪካን ጭነህ ቸርኬዋን ያጎበጥካት አንተ!›› ካላማዳሪዋ በአንድ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ስትፈነዳ ጎሚስታው ራሱ ሰለቸውና ‹‹እናንተ ሰዎች፣ ለምን አትጽፉትም?›› አለን። መለጠፊያውን በነፃ አልሰጠንም፤ ምክሩን ግን በነፃ ሰጠን።

ያን ማታ ደብተር ገዛንና ሦስት ረድፍ አሰመርን፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። ቀን፣ የተነሳንበት ሰዓት፣ የተመለስንበት ሰዓት፣ ከየት ወዴት፣ የጫንነው ነገር፣ የተበላሸው ነገር። አንዱ መስመር ይህን ይመስላል፦ ‹‹ሐምሌ 3፤ ከሌሊቱ 11፡10 – ጠዋት 12፡30፤ አምቡሊ ደርሶ መልስ፤ ዳቦ፤ 13 ኪ.ሜ.፤ ነፋስ ከፊት፤ የኋላ ፍሬን ይጮሃል።›› በቃ ይኸው ነው። ቅኔ አይደለም።

ኪሎ ሜትሩን እንዴት አወቃችሁ? ትሉን ይሆናል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለንም፤ ስልኩም ቢሆን ሁላችንም ጋ የለም፣ ያለውም ባትሪው እኩለ ቀን አይደርስም። ጎማ ግን ራሱ ሜትር ነው። ቫልቮላው ልክ መሬቱ ጋ ሲደርስ በጠመኔ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ብስክሌቷን ቀጥ አድርጋችሁ ትገፏታላችሁ፤ ቫልቮላው ዞሮ ታች ሲመለስ እንደገና ምልክት። በሁለቱ መሃል ያለውን ትለካላችሁ። የእኛዋ ባለ 26 ጎማ ናት፤ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ወጣት። ስለዚህ ወደ 483 ዙር አንድ ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። 483 የሚቆጥር ጤነኛ ሰው ስለሌለ ፔዳሉን መቁጠር ይሻላል። የፊቱ ጥርስ 44፣ የኋላው 18 ነው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ዙር ከግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ይህም አምስት ሜትር ገደማ ነው። 200 ጊዜ ፔዳል መምታት አንድ ኪሎ ሜትር። ቁልቁለት ላይ እግር ሲያርፍ ሂሳቡ ይበላሻል፤ ግን ናጋድ ሜዳ ነው፣ የሚያሳርፍ ቁልቁለት የት ተገኝቶ!

ሌላም መለኪያ አለን፤ በየቀኑ እየጠራነው ልብ የማንለው። ‹‹ፔካ 12›› የምንለው ሰፈር ስሙ ራሱ ኪሎ ሜትር ነው። ፔካ ከፈረንሳይኛ የመጣ ምህጻረ ቃል ሲሆን የመንገድ ኪሎ ሜትር ምልክት ማለት ነው፤ ከከተማው ተነስቶ 12ኛው ኪሎ ሜትር። ከፔካ 12 ፔካ 20 ድረስ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ መቁጠርም መለካትም አያስፈልግም። እርግጥ ፔካ 12 ዛሬ አንድ ድንጋይ ሳይሆን ሰፈር ሆኗል፣ ወዲህም ወዲያም ተለጥጧል፤ ቢሆንም የፔዳል ቆጠራችሁን ለማረም ይበቃል። እኛ በዚህ አርመን በየአሥሩ ኪሎ ሜትር ግማሽ ያህል ለራሳችን ስንጨምር እንደከረምን ደረስንበት። ሦስታችንም! አንዱም ቀንሶ አልተገኘም።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ዳቦ የሚያደርሰው ወንድማችን ሥራውን የጀመረው ሐምሌ 1 ነው፣ በፈረንጁ ጁላይ 8። ክፍያው በምልልስ ነው፤ በአንድ ምልልስ 200 ፍራንክ። ወሩ አለቀ ብሎ ሂሳብ ሲጠይቅ ባለ ዳቦ ቤቱ ‹‹35 ምልልስ ነው ያለህ›› አለው። እሱ ደግሞ 47 ነው ይላል። በቃል ቢሆን ኖሮ ነገሩ በጩኸት ያልቅ ነበር፤ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ ወዲህ ስደተኛ የመሥራት መብት በወረቀት አለው፤ እኛ የምንሠራው ሥራ ግን አብዛኛው በአፍ ስምምነት ነው። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ‹‹ነገ ና›› ብቻ።

ወንድማችን ደብተሩን ይዞ ሄደ። ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ቆጠሩት። ምን ተገኘ መሰላችሁ? ሁለቱም ተሳስተዋል። ወንድማችን እስከ ሐምሌ 30 ነው የቆጠረው፤ ባለ ዳቦ ቤቱ የሚከፍለው በፈረንጅ ወር ነው፣ ጁላይ ደግሞ የሚያልቀው ሐምሌ 24 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስቱ ምልልሶች የቀጣዩ ወር ሂሳብ ናቸው። የቀሩት ሰባቱ ግን እውነት ነበሩ፤ ቀናቸው፣ ሰዓታቸው፣ የተወሰደበት ሱቅ ሁሉ ተጽፏል። ሰውየው ዝም ብሎ አየው፣ አየውና 1,400 ፍራንክ ቆጥሮ ሰጠው። 1,400 ፍራንክ ለአንዳንዱ ምንም ነው። ለእኛ ግቢ ግን የስንት ቀን እራት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በየመስመሩ ሁለቱንም ቀን እንጽፋለን፣ የሀገር ቤቱንም የፈረንጁንም። ሰዓት ግን በእኛው ነው፤ እሱን ማንም አያስለቅቀንም።

ደብተር ታዲያ ለራስም አያዳላም። ከእኛ መሃል አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም፣ ጽሑፉን የሚያነብልን እሱ ነው) ለሦስት ሳምንት ሳይጽፍ ቀረና አንድ ምሽት ተቀምጦ በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ሞላው። በየቀኑ 12 ኪ.ሜ.፣ በየቀኑ 12 ኪ.ሜ.! በመሃሉ ብስክሌቷ አራት ቀን ጎሚስታው ጋ ተኝታ እንደነበር ረስቶታል። ወደ ኋላ ተመልሶ የተሞላ ደብተር ከባዶ ደብተር ይብሳል፤ እውነተኛዎቹን ገጾች ጭምር ውሸት ያስመስላቸዋል። ያልነዳችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት፤ ‹‹ታመምኩ›› ወይም ‹‹ጎማ የለም›› ብሎ መጻፍም ይቻላል። ባዶውም ቢሆን ወሬ አለው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠይቀን ‹‹ለፕሮሰስ ይጠቅማል ወይ?›› ብሎ ነው። መቼም እኛ ዘንድ ማንኛውም ነገር የሚመዘነው በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር የብስክሌት ደብተር መታወቂያ አይሆንም፣ የመዝገብ ወረቀትንም አይተካም። ሆኖም ‹‹በየትኛው ወር ነበር? ከዚያ በፊት የት ነበርክ?›› ተብሎ ሲጠየቅ የማይደነግጥ ማን አለ? እዚህ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ትናንት ከዛሬ፣ አምና ከዘንድሮ ይምታታል። እኛ አሁን ዝናብ የጣለበትን ቀን፣ ሰፈር የቀየርንበትን፣ በወባ የተኛንበትን ከደብተሩ እናወጣለን። ሰው የኖረበትን ዓመት ‹‹ዝም ብሎ አለፈ›› ከሚል፣ ይህን ያህል ዙር ዞሬበታለሁ ቢል አይሻልም?

ስለ ዙር ካነሳን አንድ እንግሊዛዊ እናስተዋውቃችሁ። አርተር ኤዲንግተን ይባላል፤ የካምብሪጅ የከዋክብት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ ወዳለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ሄዶ የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶ አነሳ፤ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ ታየ፣ የአይንሽታይን ስምም በዓለም ናኘ። ይኸው ሰውዬ የብስክሌት ሰው ነበር፤ የነዳበትን እየመዘገበ ይይዝ ነበር። ከመዝገቡ ያወጣት አንዲት ቁጥር እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ጨዋታዋ እንዲህ ነው፦ ቁጥራችሁ 10 ነው የሚባለው ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር የነዳችሁባቸው ቢያንስ 10 ቀናት ካሏችሁ ነው። 20 ለመባል 20 ቀን፣ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ።

በምሳሌ እንየው። ስድስት ቀን ነድታችሁ 20፣ 12፣ 9፣ 4፣ 4 እና 3 ኪሎ ሜትር ቢመዘገብ ቁጥራችሁ ስንት ነው? አራት ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ቢያንስ አራት ቀናት አሉና። አምስት አይሆንም፤ ከአምስት በላይ ያሉት ሦስት ቀናት ብቻ ናቸው። ያቺ የ20 ኪሎ ሜትር ቀን ብቻዋን ምንም አትፈይድም። ይህን ነው የወደድንለት። አንድ ቀን ሞቅ ብሎት እስከ ፔካ 20 ሄዶ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራ ሰው እኛም ግቢ አለ፤ የኤዲንግተን ቁጥር አፉን ታስይዘዋለች። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሞት ቁጥሩ 84 ደርሶ ነበር፤ ያውም በማይል። አንድ ማይል ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ84 የተለያዩ ቀናት በእያንዳንዱ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነድቷል ማለት ነው። የኛዎቹ በኪሎ ሜትር እንኳ የዳቦው 17፣ የሥራ ፈላጊው 11፣ የውሃው 6 ነው። የውሃው ተቆጣ። ‹‹እኔ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ስመላለስ ነው የማመሸው፣ ኤዲንግተን ጀሪካን ጭኖ ያውቃል?›› አለ። ልክ ነው። ስለዚህ ለሱ የጀሪካን ብዛት ጨመርንለት፤ በዚያ ማንም አልደረሰበትም።

የእኛ ሀገር ብስክሌተኞችም ቢሆኑ ዛሬ የምናውቃቸው ተጽፎ ስለቀረ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ሯጮች ብቻ ሳይሆኑ ብስክሌተኞችም ነበሩ፣ ገረመው ደንቦባም በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ለእኛ ደግሞ ከሁሉም የምትቀርበን እየሩ ገብሩ ናት። ለኢትዮጵያ ስትወዳደር ቆይታ በፈረንሳይ ስደተኛ የሆነች ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ስም በሴቶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር ተሰለፈች። ፎቶዋ ግቢያችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ አይተው የሚያፏጩ ጎረምሶች እዚያ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እህቶቻችንም መንዳት ጀምረዋል፤ ደብተራቸውን ግን አያሳዩንም፤ መብታቸው ነው።

አሁን ደግሞ ደብተራችን ያስተማረንን እንንገራችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የተነሳ አንድም ጉዞ በደህና አላለቀም፤ ወይ ራስ ምታት፣ ወይ ትውከት፣ ወይ ‹‹በእግር ተመለስኩ›› ይላል። ከ12 ሰዓት በፊት ተነስቶ ከ2 ሰዓት በፊት መግባት ነው። ውሃ ጭኖ ውሃ የማይጠጣ ሰው አለ፤ ተዉ! የጎማ መፍንዳት የበዛው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆማ በዋለችባቸው ቀናት ነው፤ ጥላ ውስጥ ማቆም ብር ነው። በፔካ 12 መንገድ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። የሀገራችን ወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህች ወደብ ነው፤ የተሳቢዎቹ ሾፌሮች ወገኖቻችን ቢሆኑም ከዚያ ከፍታ ላይ ብስክሌት አይታያቸውም። ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ጫት የሚያደርሱ መኪናዎች ሲበሩም ዳር መያዝ ነው። በደብተራችን ‹‹ለጥቂት ተረፍኩ›› የሚሉት አራቱም መስመሮች ከነዚህ በሁለቱ የመጡ ናቸው።

የማይጻፍ ነገርም አለ፤ ይህን በደንብ ስሙን። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የወጣ ወሬ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ስትራቫ የሚባል፣ የሚሮጡና ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ጉዟቸውን በስልክ የሚመዘግቡበት ፕሮግራም አለ። ኩባንያው የተጠቃሚዎቹን መንገድ ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ አብርቶ አወጣው። አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ልብ ብሎ ቢያየው፣ ሶሪያና አፍጋኒስታን በረሃ ውስጥ ወታደሮች ዙሪያውን የሚሮጡባቸው የጦር ሰፈሮች እንደ ክብሪት በርተው ይታያሉ። የታላቅ መንግሥት ወታደር የሮጠበት መንገድ እንዲህ ካጋለጠው፣ የእኛ ደብተር ወድቆ ቢገኝስ? እዚህ ናጋድ ከአውሮፕላን ማረፊያውና ከካምፕ ለሞኒዬ ጎን ነው የምንኖረው። ስለ አጥር፣ ስለ በር፣ ስለ ጥበቃ ሰዓት ምንም አይጻፍ፣ ምንም አይሳል። የሰው ስም አይጻፍ። ወረቀት የሌለው ወገን የሚያድርበት ቤት፣ የሚገናኝበት ቦታ አይጻፍ። ‹‹ሱቅ›› በሉ፣ ‹‹ዘመድ ጋ›› በሉ፣ ይበቃል። የራሳችሁን ድካም ጻፉ፤ የሌላውን ምስጢር ግን ለደብተር አትስጡ።

ይህን ሕግ ስላወጣን ነው የውሃውን ወንድማችንን ስም እዚህ የማንጽፈው።

ጥቅምት ውስጥ ነው። ማታ ማታ ስልክ ያወራ ነበር፣ ሲመጣ ዝም ይላል። እኛም ገብቶናል፤ ከሀገር ቤት አብረውት የወጡት ልጆች ወደ ኦቦክ አልፈዋል። ባሕሩን፣ የመንን፣ ጀልባው ላይ ስንት ሰው እንደሚጫን፣ ስንቱ እንዳልደረሰ አወራነው። ‹‹እዚህስ ምን አለ?›› አለን። መልስ ለመስጠት ሞከርን፣ ጥሩ መልስ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ብስክሌቷ የለችም። እኩለ ቀን ላይ አንድ ልጅ እየገፋ አመጣት። ደብተሩ እንደ ወትሮው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ከፍተን ስናየው በሱ ረድፍ እንዲህ ተጽፏል፦ ‹‹ጥቅምት 9፤ ከሌሊቱ 10፡00፤ ናጋድ – ፔካ 12፤ ሄጄ ብቻ። የፊት ጎማ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።›› በገጹ መሃል 500 ፍራንክ ታጥፎ ተቀምጧል፤ የካላማዳሪው ድርሻው ነው። የመመለሻ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ምንም የለም።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። 500 ፍራንኩን አልነካነውም፤ ጎማዋን በሌላ ገንዘብ አሠራን። በየወሩ አዲስ ገጽ ስናሰምር ሦስት ረድፍ ነው የምናሰምረው። ከኦቦክ በኩል የተመለሳችሁ፣ ከየመን ስልክ የሚደወልላችሁ ወገኖች ካላችሁ፣ ውሃ ሲጭን ሁልጊዜ የሚያፏጭ፣ የቀኝ ሱሪውን ሰንሰለቱ እንዳይበላበት በክር የሚያስር አንድ ልጅ አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ እንደሆነ፣ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ንገሩልን። ስም አያስፈልግም፤ ‹‹ደህና ነው›› ካላችሁን ይበቃናል።

ቸር ወሬ ያሰማን።